በሕንጻ ሥራ የሚጸናውና የሚሻሻለው ዕቅድ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡት ምእመናን የተደረገ ንግግር



የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ቀን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በተፈጸመው ሕንጻ ላይ ነው። ግድግዳው ቁሟል፤ ጣራው ተከድኗል፤ ደወሉም ይሰማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከመቆሙ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተመከረ፥ ስንት ጊዜም አሳብ እንደ ተለወጠ በድንጋዩ ላይ ተጽፎ አይነበብም። ስለዚህ ሕንጻ እንዴት እንደሚታቀድና እንዴት እንደሚመራ መነጋገር ከበዓሉ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም። ይልቁንም ነገ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ፥ ወይም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለሚያሠሩት ሰዎች ስንቅ ይሆናቸዋል።

ሕንጻ የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ፕላን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ከተነደፈ በኋላ እንደ ቀኖና የማይነካ ይመስላቸዋል። መሬቱ ሲቈፈር ሌላ ነገር ቢገኝበት፥ የዕቃው ዋጋ ቢወደድ፥ ግንበኛውም የተሻለ ብልሃት ቢያገኝ ለመስማት አይወዱም፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» እንደሚባለው፥ የተሳሳተ መሆኑን እያዩ ወደ ፊት ይገፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሥራው ራሱ መንገዱን ያሳያል ብለው ሳይወስኑ ይዠምራሉ፤ ዛሬ የተከሉትን ነገ ይነቅላሉ፤ በየጉባኤውም አዲስ ፕላን ያወጣሉ። የመዠመሪያዎቹ ጽኑዓን፥ የኋለኞቹም ምክር ተቀባዮች ይመስላሉ። በመጨረሻ ግን ሁለቱም በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ፤ ይኸውም ገንዘቡ አልቆ ጣራ ያልተከደነበት ግድግዳ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት፥ በማናቸውም የሕንጻ ዕቅድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገሮች እንዳሉ ማስተዋል ይገባል። መዠመሪያው፥ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሊመለስ የማይቻለው ነው፤ እርሱም የሕንጻው ዐላማና ስፍራ፥ መሠረቱና ክብደቱን የሚሸከሙት ዓምዶች ናቸው። ሁለተኛው፥ ሥራው ሳይዠመር በልክና በሒሳብ ሊታወቅ የሚቻለው ነው። ሦስተኛው ግን ሥራው ከዚያ እስኪደርስ ድረስ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው ነው። ጥበብ የሚባለው እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው። የማይመለሰውን አስቀድሞ አጥብቆ መወሰን፥ ሊታወቅ የሚቻለውን ደክሞ ማወቅ፥ ሥራው ብቻ የሚያስተምረውን ግን እስኪያስተምር ድረስ በሥርዐት ክፍት አድርጎ ማቈየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር ግልጥ ምሳሌ የሚሆነው በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው፥ ሳንታ ማርያ ዴል ፊዮሬ የተባለው ካቴድራል ጕልላት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። የካቴድራሉ ሥራ የተዠመረው በ1296 ዓ.ም. ነበር። በ1367 ዓ.ም. ሕንጻው በመጨረሻ የሚኖረው መልክ በትንሽ ምሳሌ ተሠርቶ ለከተማው ሰዎች ቀረበ፤ እነርሱም ተስማሙበት። በዚህ ምሳሌ መሠረት በመካከሉ ያለው ስፍራ፥ እንደ አዲስ አበባው እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ስምንት ማዕዘን ሆኖ፥ ወርዱ ከ40 ሜትር የሚበልጥ ነበር። በላዩም ከምድር ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚነሣ ትልቅ ጕልላት እንዲጫንበት ተቈረጠ። ይህ ውሳኔ ከዚያ ወዲያ እንደ ጸና ቀረ።

ነገር ግን ይህን የሚያህል ጕልላት በምን ዘዴ እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ቅስት የሚሠራው አስቀድሞ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ አቁሞ፥ ድንጋዩን በእንጨቱ ላይ ደርድሮ፥ ኖራው ከጠነከረ በኋላ እንጨቱን በማውጣት ነበር። ለዚህ ጕልላት ግን ያን ያህል ከፍታና ወርድ ለሚሞላ ድጋፍ የሚበቃ እንጨት ማግኘት እጅግ የሚያስጨንቅ ነገር ሆነ። የከተማው ሰዎች ዘዴው ስላልታወቀ ዐላማውን አላሳነሱትም፤ ዐላማው ስለ ተወሰነም ዘዴውን እናውቃለን ብለው አልተመጻደቁም። ሌላውን የሕንጻውን ክፍል እየሠሩ ቈዩና በ1418 ዓ.ም. ዘዴውን ለሚያገኝ ሰው ውድድር አወጁ።

በዚህ ጊዜ በወርቅ አንጥረኛነት የሠለጠነው ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ጕልላቱ ከምድር የሚነሣ የእንጨት ድጋፍ ሳይቆምለት ሊሠራ ይቻላል ብሎ ተነሣ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1420 ዓ.ም. እርሱና ሎሬንዞ ጊቤርቲ ለሥራው አለቆች ሆነው ተሾሙ፤ የሥራውም መመሪያ በጽሑፍ ተዘጋጀ። የዚህ ጽሑፍ ቃል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ስለሚገኝ፥ በውስጡ ምን ጸንቶ ምን ክፍት እንደ ተተወ ለይቶ ማየት ይቻላል።

መመሪያው ብዙ ነገር ቈርጦ ይወስናል። ጕልላቱ ሁለት ሽፋን እንዲኖረው፥ የውስጠኛው ወፍራም፥ የውጭው ቀጭን እንዲሆን ያዛል። የውጭው ሽፋን ውስጠኛውን ከእርጥበት እንዲጠብቅና ለጕልላቱ ግርማ እንዲሰጠው የታሰበ ነው። የሁለቱም ውፍረት ከታች ስንት ከላይም ስንት እንደሚሆን፥ ሁለቱን የሚያያይዙትም አጥንቶች 24 እንደሚሆኑ፥ ዙሪያውንም እንደ መቀነት የሚያጠብቁት ማሰሪያዎች ምን ዓይነት እንደሚሆኑ ተጽፏል። ወደ አሠራሩ ዘዴ ሲደርስ ግን ጽሑፉ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያደርጋል። እስከ 30 ክንድ ከፍታ ድረስ እንዴት እንደሚሠራ ከተናገረ በኋላ፥ ከዚያ በላይ ያለውን በጊዜው ሥራውን የሚመሩት ሊቃውንት መክረው እንዲወስኑት ይተወዋል። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ በግንብ ሥራ መከተል የሚገባውን የሚያስተምረው ልምምዱ ራሱ መሆኑን ያስረዳል።

ይህ አለማወቅን የሚሸፍን ቃል አይደለም፤ የማይታወቀውን ወሰን የሚያበጅለት ቃል ነው። ክፍት የተተወው ነገር የት እንደሚዠምር በክንድ ተለክቷል፤ ማን እንደሚወስነውም ታውቋል፤ የሚወሰንበትም ጊዜ ግንቡ ከዚያ ከፍታ ሲደርስ መሆኑ ግልጥ ነው። ሠራተኛው ከታች ያለውን ሲሠራ አይጠራጠርም፤ አለቃውም ከላይ ላለው ነገር ገና ባላየው ጕዳይ አስቀድሞ አይታሰርም።

በእርግጥም ሥራው ብዙ አስተማረ። በ1422 ዓ.ም. የጕልላቱ ክብደት ስላሳሰባቸው፥ የድንጋዩ ሥራ ቀድሞ ከታሰበው ከፍታ ዝቅ ብሎ እንዲያበቃና ቀለል ያለው ጡብ ቀደም ብሎ እንዲተካ ተወሰነ። በ1426 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ላይ በገሰገሰ ጊዜ ስለ ቀረው አሠራር አዲስ ውሳኔ ተጻፈ። ጡቦቹም እንደ ዓሣ አጥንት ሆነው ይደረደሩ ዠመር፤ ይኸውም በየመካከሉ ቀጥ ብለው የቆሙት ጡቦች የተጋደሙትን እየያዙ ኖራው እስኪጠነክር ድረስ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርግ ብልሃት ነው። ብሩኔሌስኪ ዕቃ ወደ ላይ ለማንሣት በበሬ የሚዞር መኪና ሠራ፤ በሬዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞሩ ሸክሙን ማውጣትም ማውረድም የሚቻልበት ነበር። በ1436 ዓ.ም. ጕልላቱ ተዘጋ። በራሱ ላይ የሚቆመው የብርሃን ማስገቢያ ቤት እንኳ ከጕልላቱ ጋራ አስቀድሞ አልተቈረጠም፤ በዚያው በ1436 ዓ.ም. ሌላ ውድድር ተደርጎለት ብሩኔሌስኪ አሸነፈ፤ እርሱ በ1446 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም በ1461 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ነገሩን በአጭር ቃል ለመሰብሰብ፥ በፍሎረንስ የሕንጻው መልክ አልተለወጠም፤ አሠራሩ ግን ሥራው በገፋ ቍጥር ተሻሻለ። መልኩ ስለ ጸና ሕዝቡ ገንዘቡን በተስፋ ሰጠ፤ አሠራሩ ስለ ተሻሻለም ሥራው እንቅፋት በገጠመው ጊዜ ሁሉ መውጫ አገኘ።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ ዘመናችን ተመልሶ፥ ከቤተ ክርስቲያን ሥራም ወጥቶ፥ በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ከተማ የተሠራውን የኦፔራ ቤት መመልከት ይጠቅማል። ውጤቱ በ1957 ዓ.ም. በታወቀው ውድድር የዴንማርኩ አርክቴክት ዮርን ኡትሶን አሸነፈ። የነደፈው ጣራ በባሕር ላይ እንደሚነፋ ሸራ እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ያ ጣራ እንዴት እንደሚቆምና ክብደቱ ምን ያህል እንደሚሆን ገና አልታወቀም ነበር። የመንግሥቱ ሹማምንት የሕዝቡ አሳብ እንዳይለወጥና ገንዘቡ እንዳይከለከል ስለ ፈሩ፥ የመሐንዲሶቹ ሥራ ሳያልቅ በ1959 ዓ.ም. ግንባታው እንዲዠመር አስቸኰሉ። መሠረቱና መድረኩ ተሠሩ። ቈይቶ የጣራው ነገር በተወሰነ ጊዜ፥ አስቀድመው የቆሙት ዓምዶች ያንን ጣራ ለመሸከም የማይበቁ ሆነው ተገኙና እንደ ገና መሠራት ግድ ሆነባቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ምሳሌ በዚህ ሥራ ተፈጸመ።

ከዚህ ላይ ፍርድ እንዳይዛባ ማስተዋል ያስፈልጋል። በሲድኒም ያማረ መሻሻል ተደርጓል። በ1961 ዓ.ም. የጣራው ክንፎች ሁሉ ከአንድ ሉል ላይ እንደ ተቈረጡ ተደርገው እንዲነደፉ ተወሰነ፤ በዚህም ምክንያት ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ የአርማታው ክፍሎች እየተደጋገሙ በመሬት ላይ ተሠርተው ወደ ላይ ሊወጡ ቻሉ። ይህ የሚያስመሰግን ጥበብ ነው። ጕዳቱ ዕቅዱ በመለወጡ አልመጣም። የማይመለሰው መሠረት፥ የሚሸከመው ነገር ሳይታወቅ በመጣሉ ነው። ዐላማውም ራሱ ዘግይቶ ተለወጠ፤ ለኦፔራም ለሙዚቃም እንዲሆን የታሰበው ትልቁ አዳራሽ፥ ኡትሶን በ1966 ዓ.ም. ሥራውን ትቶ ከሄደ በኋላ ለሙዚቃ ብቻ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፥ የገባው የመድረክ መኪና ተነቅሎ ወጣ። በአውስትራልያ ዶላር ሲታሰብ 7 ሚሊዮን የተገመተው ወጪ ወደ 102 ሚሊዮን ደረሰ፤ በ1963 ዓ.ም. ያልቃል የተባለውም ቤት የተከፈተው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ሕንጻ ነው፤ ነገር ግን እንደዚህ ያለውን ኪሳራ የሚችል መንግሥት እንጂ ደብር አይደለም።

የማይመለስ ነገር ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያ ሰው ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የበለጠ አስተማሪ የለውም። እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነቡ አይደሉም፤ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ግንበኛ የተበላሸውን ድንጋይ አውጥቶ ሌላ ይተካል። ከአለት የሚፈለፍል ጠራቢ ግን ዓምድ ሊሆን የሚገባውን ድንጋይ ቢቈርጠው ሌላ ዓምድ ከየትም አያመጣም። በቤተ ጊዮርጊስ ጣራው ላይ የሚታየው መስቀልና ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከአንድ አለት ስለ ሆኑ፥ የሕንጻው ልክ በጠራቢው አሳብ ውስጥ ከመሮው ምት አስቀድሞ መገኘት ነበረበት። በማናቸውም ሕንጻ ውስጥ እንደ አለት የሆነ ክፍል አለ፤ እንደ ግንብ የሆነም ክፍል አለ። አሠሪው ዋና ጥያቄ አድርጎ ሊጠይቅ የሚገባው፥ «ይህ ነገር ነገ ሊመለስ ይቻላልን?» ብሎ ነው። የማይመለስ ከሆነ ይቈይ፤ ይመከርበት፤ ይመርመር። የሚመለስ ከሆነ ግን በእርሱ ምክንያት ሥራ አይቁም።

ይህ አሳብ በአገራችን የደብር ሕንጻ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል መናገር ይገባል።

መዠመሪያው የመሬት ነገር ነው። በአዲስ አበባና በሌላውም የደጋ አገር ብዙ ስፍራ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር አለ። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩም የተጣለውን ቀላል መሠረት ያነሣዋል፥ ያወርደዋልም። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት በልዩ ልዩ ስፍራ የመመርመሪያ ጕድጓድ ማስቈፈር፥ ለባለሙያም ማሳየት፥ ሊታወቅ የሚቻለውን ደክሞ ማወቅ ይባላል። ጕድጓዶቹ ግን መሬቱን ሁሉ አያሳዩም። በመካከላቸው የሚገኘው አፈር ከታሰበው ይልቅ በጥልቅ መቈፈር የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በውሉ ላይ፥ ከታሰበው በላይ የሚቈፈረው አፈርና የሚጨመረው የመሠረት ድንጋይ በሜትር ኩብ ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ ይጻፍ። ልኩ ክፍት ሆኖ ዋጋው የተቈረጠ ከሆነ፥ ጥልቁ ቢጨምርም ጠብ አይጨምርም።

ሁለተኛው የዘመን ነገር ነው። በሰኔ የሚገባው ክረምት ክፍት የተገኘውን የመሠረት ጕድጓድ በውሃ ይሞላዋል፤ ጠርዙንም ያፈርሰዋል። ስለዚህ መሠረቱ ከክረምት በፊት ከመሬት እንዲወጣ ማቀድ ይገባል። ሲሚንቶ ወይም ብረት ዘግይቶ ይህ ሳይሆን ቢቀር ደግሞ፥ ዕቅዱ ሁለተኛ በር ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ጕድጓዱን ሳይከፍቱ በዳስ ጥላ ሥር ድንጋይ ማስጠረብና በርና መስኮት ማሠራት ይቻላል። የጠፋው የአንድ ወር ሥራ እንጂ የዓመቱ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረው ምሳሌ ኪሳራን አስቀድሞ ማስላት እንደሚገባ ያስተምራል። ስሌቱ ግን ያልታሰበውንም ማሰብ ይኖርበታል። በብዙ የሥራ ውሎች ከመቶ እስከ አሥር የሚደርስ መጠባበቂያ የሚያዘው ስለዚህ ነው። ይህ ገንዘብ የማዕዘን ጌጥ የሚሠራበት ትርፍ አይደለም፤ የመሬትና የገበያ ዕዳ የሚከፈልበት ነው። የደብር ሕንጻ የሚሠራው መበለት ከመቀነቷ ፈትታ በሰጠችው ብር ጭምር ነውና፥ መጠባበቂያውን ያለ ጽሑፍና ያለ ምክር ማንም እንዳይነካው ማድረግ የአደራ ሥራ ነው። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነም ሁሉን እኩል ዠምሮ ሁሉን እኩል ከመተው፥ አንዱን ክፍል ፈጽሞ መገልገል ይሻላል። ነገ በሚቀጠለው ግድግዳ በኩል ድንጋዩን ጥርስ አስወጥቶ መተው፥ ነገ ፎቅ የሚጨመርበት ከሆነም መሠረቱንና ዓምዱን ዛሬ ለዚያ ክብደት ማብቃት ያስፈልጋል። የሚጨመረው ነገር ሊዘገይ ይችላል፤ የሚሸከመው ግን አይዘገይም።

አራተኛው የሥልጣን ነገር ነው። ብዙ ሕንጻ የሚበላሸው አሳብ በመለወጡ ብቻ ሳይሆን፥ ማን እንደ ለወጠው ባለመታወቁ ነው። አንዱ የጉባኤው አባል በማለዳ መጥቶ መስኮቱ ይስፋ ይላል፤ ሌላው ከቀትር በኋላ መጥቶ ይጥበብ ይላል፤ ግንበኛውም ሁለቱን አክብሮ ሁለት ጊዜ ይሠራል፥ ሁለት ጊዜም ያስከፍላል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። የመሥመሩን ጥቃቅን ነገር የሚወስን አንድ የሥራ መሪ ይኑር፤ ዋጋን ወይም መልክን የሚለውጠው ነገር ለጉባኤው ይቅረብ፤ የማይመለሰው ነገር ግን ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይነካ። ለውጥም ሲደረግ ምን እንደ ተለወጠ፥ ስለ ምን እንደ ተለወጠ፥ ስንት ብርና ስንት ቀን እንደሚጨምር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይፈረም። ክፍት ለተተወውም ነገር ሁሉ የመወሰኛ ቀን ይሰጠው፤ የመስኮቱ ልክ ግድግዳው ከመስኮቱ ደፍ ሳይደርስ፥ የውሃው ቧንቧ መንገድ ወለሉ ሳይፈስስ ይቈረጥ። ቀን የሌለው ክፍት ነገር እንደ ተረሳ ነገር ይቈጠራል።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ዕቅዱ ክፍት ስፍራ ካለው ሥራ ተቋራጩ በዚያ ገብቶ አይበዘብዝምን? ጉባኤውስ ዘወትር አይከራከርምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ክፍት ስፍራ የሌለው ዕቅድ በምድር ላይ አይገኝም። ልዩነቱ ክፍቱ ታውቆና ተለክቶ በመጻፉ ወይም ተሸፍኖ በመቅረቱ ነው። የተጻፈው ክፍት በር ጠባቂ አለው፤ የተሸፈነው ግን እንደ ተሰነጠቀ አጥር ነው፤ ሌባ የሚገባው በዚያ ነው። የፍሎረንስ መመሪያ 30 ክንድ ብሎ መለካቱ ከብዙ ክርክር አዳነው።

በመጨረሻም መሻሻል ማለት መጨመር ብቻ አይደለም፤ ማቆምም አንዱ መሻሻል ነው። በዚያው በፍሎረንስ ካቴድራል ከጕልላቱ ሥር ዙሪያውን የሚከብብ የዕብነ በረድ ሰገነት መሠራት ተዠምሮ ነበር። ከስምንቱ ወገን አንዱ በ1515 ዓ.ም. አልቆ በታየ ጊዜ ስለ ተነቀፈ ሥራው ቆመ፤ ሰባቱ ወገኖች እስከ ዛሬ ያለ ሰገነት አሉ። ስለዚህ ጕልላቱ ግርማው አልጎደለም። የዠመሩትን ሁሉ መፈጸም ክብር የሚሆነው፥ የተዠመረው ነገር መልካም ሆኖ ሲገኝ ነው።

እንግዲህ በሚመጡት ዓመታት ፕላን ዘርግተው ለሚቀመጡት ሽማግሌዎችና ወጣቶች የሚተላለፈው ምክር ይህ ነው። ከወረቀቱ ፊት ለፊት ሦስት መዝገብ ክፈቱ፤ በአንዱ የማይመለሰውን፥ በሁለተኛው መመርመር ያለበትን፥ በሦስተኛው ሥራው የሚያስተምረውን ከወሳኙ ስምና ከመወሰኛው ቀን ጋራ ጻፉ። መዝገቡ ከሕንጻው ጋራ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለውም ኢዮቤልዩ የሚሰበሰቡት ልጆች ሕንጻውን ሲያዩ አባቶቻቸው ምን እንዳጸኑና ምን እንዳሻሻሉ ከመዝገቡ ያነባሉ።